ሃምሳ ሎሚ፣ አንድ ምሰሶ

የደረሰኝ ቅሬታ አንድ መስመር ነበር፦ «ካሜራ 3 ይንቀጠቀጣል።»

ሥራው ከባድ አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መንገድ ዳር በቆሙ አሮጌ የመብራት ምሰሶዎች ላይ ካሜራ ተሰቅሏል፤ የኛ ሶፍትዌር ደግሞ ከቪዲዮው መኪና ይቆጥራል። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ የካሜራ 3 ምስል ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ፕሮግራማችንም ግራ ይገባውና አንዱን ሚኒባስ ሦስት ጊዜ ይቆጥራል። ያው ፕሮግራመር የሚያደርገውን አደረግሁ። እያንዳንዱን ምስል ከቀደመው ጋር አነጻጽሮ፣ ስንት ፒክስል እንደተንሸራተተ አስልቶ ወደ ቦታው የሚመልስ ኮድ ጻፍኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ምስሉ ቀጥ አለ። ደስ ብሎኝ ቅሬታውን ዘጋሁት።

ከሳምንት በኋላ አንድ ገመድ ለማስተካከል ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር ወደ ቦታው ሄድን። ዕድሜያቸው ስልሳን የተሻገረ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ላፕቶፔን ከፍቼ የቀድሞውንና የተስተካከለውን ቪዲዮ ጎን ለጎን አሳየኋቸው። የቀድሞውን ደጋግመው አዩት።

«እና ምሰሶው መነቃነቁን ተወ?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ ምስሉ ነው የተስተካከለው።»

ዝም አሉ። ከምሰሶው ሥር አንድ ሊስትሮ ጀርባውን አስደግፎ ተቀምጧል። እሱን አዩት፣ ቀና ብለው ካሜራውን አዩት፣ ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ላዩ ላይ ስትሰቅሉ ታቹን አይታችሁት ነበር?»

አላየነውም። እውነቱን ለመናገር፣ መታየት እንዳለበትም አላወቅኩም። ኢንጂነሪንግ ተምሬያለሁ፤ ስታቲክስን ግን በሲ ፕላስ አልፌ፣ ደብተሩን ዘግቼ፣ ወደ ኮዴ የሮጥኩ ሰው ነኝ። የዚያን ቀን ማታ ደብተሩን እንደገና መክፈት ነበረብኝ። ከዚያ አንዱ ንባብ ሌላውን እየሳበ፣ የመንገድ ዳር ምሰሶ የራሱ ታሪክ እንዳለው ገባኝ። ታሪኩን ላካፍላችሁ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ባዶ ምሰሶ

ሳሙኤል ሞርስ በ1844 ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር የዘረጋው የቴሌግራፍ መስመር መጀመሪያ የታሰበው በምሰሶ ላይ አልነበረም። ሽቦው በእርሳስ ቱቦ ውስጥ ሆኖ መሬት ውስጥ መቀበር ተጀምሮ ነበር። የሽቦው መሸፈኛ ግን ብልሹ ሆኖ ተገኘ፤ የተቀበረው መስመር መልእክት የሚያሳልፍ አልሆነም። ገንዘቡም ጊዜውም እያለቀ ነበርና እንጨት ተክሎ ሽቦውን በላዩ ላይ መዘርጋት መውጫ መንገድ ሆነ። ዛሬ በየመንገዱ የምናየው ነገር የተስፋፋው እንዲህ በጥድፊያ ነው። እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች ነገሩን እናውቀዋለን፤ «ለጊዜው» ብለን የጻፍነው ነው ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልኩን የሚሠራው።

ምሰሶ አንዴ ከቆመ ደግሞ ባዶ ቦታ ይመስላል። ከአርባ ዓመት በኋላ ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ቴሌግራፉም፣ ስልኩም፣ የእሳት ማስጠንቀቂያውም፣ የመንገድ መብራቱም ሽቦ በየአየሩ ተዘርግቶ ነበር። እያንዳንዱ ኩባንያ የየራሱን ይዘረጋል። በአንድ ምሰሶ ላይ መስቀለኛ ክንድ ከክንድ በላይ እየተደረደረ ሄደ፤ የዘመኑን ፎቶግራፎች ያየ ሰው ሰማዩን በሽቦ መሃል ነው የሚያየው። በ1884 የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች በትልልቅ ከተሞች ሽቦው ሁሉ ወደ መሬት እንዲገባ አዘዙ። ማንም አልቸኮለም።

በመጋቢት 1888 ታላቁ የበረዶ ማዕበል መጣ። በረዶና ንፋስ ተባብረው ምሰሶውንም ሽቦውንም በየጎዳናው ጣሉት። በጥቅምት 1889 ደግሞ አንድ የመስመር ሠራተኛ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝብ ቆሞ እያየ፣ ከሽቦው መረብ ላይ በኤሌክትሪክ ተይዞ ሞተ። ከንቲባው ሂው ግራንት ምሰሶዎቹን በመጥረቢያ ማስቆረጥ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። በሕጉና በመጥረቢያው መካከል አምስት ዓመት አለ።

ይህን ሳነብ አእምሮዬ ውስጥ የመጣው የልጅነት ተረታችን ነው፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ሁልጊዜ የምንጠቅሰው ስለ መተጋገዝ ነው። ምሰሶው ጋ ሲደርስ ግን ተረቱ ይገለበጣል። ሃምሳው ሰው አንዳንድ ሎሚ ነው የያዘው፤ ለእያንዳንዱ ጌጥ ነው፣ ቀላል ነው፣ ምንም አይደለም። ሁሉም ሎሚውን የሚያስቀምጠው ግን እዚያው አንዱ ምሰሶ ላይ ነው። ሃምሳውን የሚቆጥር ሰው የለም።

ብረት ይደክማል

«ብረት እኮ ነው፣ ምን ይሆናል?» የምትለው ነገር ግንቦት 8 ቀን 1842 ፈረንሳይ ውስጥ ዋጋ አስከፍላለች። ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ የበዓል ተመላሾችን ጭኖ ይሄድ የነበረ ባቡር የፊተኛው ሎኮሞቲቭ አክሰል ተሰበረ። ከኋላ ያሉት ፉርጎዎች እርስ በርስ ተጋጭተው ተከመሩ፤ እሳት ተነሳ፤ በሮቹ ከውጭ ተቆልፈው ነበር። ከሃምሳ በላይ ሰው አለቀ። ያ አክሰል በአንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ተጭኖበት አይደለም የተሰበረው። የለመደውን ሸክም ተሸክሞ፣ የለመደውን መንገድ ሲሄድ ነው።

ለምን እንደሆነ በሥርዓት ያሳየው ጀርመናዊው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር ነው። ከ1850ዎቹ ጀምሮ እስከ 1870 ድረስ አክሰሎችን እያሽከረከረ ደጋግሞ የሚያጎብጥ መሣሪያ ሠርቶ፣ ስንት ጊዜ ሲጎብጡ እንደሚሰበሩ ቆጠረ። ያገኘው ነገር ቀላልና አስደንጋጭ ነው። አንድን ብረት በአንድ ጊዜ ለመስበር ከሚያስፈልገው ኃይል እጅግ ያነሰ ኃይል፣ ደጋግሞ ከመጣ ይሰብረዋል። ከአንድ ወሰን በታች ከሆነ ግን ብረቱ ሚሊዮን ጊዜ ቢጎብጥም ይችላል። መሐንዲሶች ነገሩን የብረት ድካም ይሉታል። ከሰው ድካም የሚለየው፣ እረፍት አለመጠገኑ ነው። ማታ ንፋሱ ጋብ ሲል ስንጥቁ ባለበት ይቆያል፤ ነገ ከዚያው ይቀጥላል።

የሚጀምረውም ቀድሞ ከተጎዳ ቦታ ነው፤ ከብየዳ ጠርዝ፣ ከዝገት፣ ከቀዳዳ። በ1898 ጀርመናዊው ኤርንስት ኪርሽ ያወጣው ስሌት፣ በሚጎተት ሰፊ የብረት ሳህን ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ቢኖር በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ያለው ውጥረት ሦስት እጥፍ እንደሚሆን ያሳያል። እስቲ አስቡት፤ «ገመድ ላሳልፍ» ብሎ ምሰሶውን በድሪል የበሳ ሰው ለዚያች ነጥብ ውጥረቷን በሦስት እያባዛላት ነው። ከዝገት የሚከላከለውን የዚንክ ልባስም አብሮ ይልጠዋል። ካሜራ ሲሰቀል ምሰሶውን ከመብሳት ይልቅ ዙሪያውን በብረት ማሰሪያ ማሰር የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ሁለት ኪሎ ምን ያደርጋል?

የመንገድ ካሜራ አያት ከሚባሉት አንዱ ሆላንዳዊው ማውሪስ ጋትሶኒደስ ነው። በ1953 የሞንቴ ካርሎን ራሊ ያሸነፈ የመኪና ተወዳዳሪ ነበር፤ ፍጥነት መለኪያውን የፈለገው የራሱን ነጂነት ለማሻሻል ነው፣ ማለትም የበለጠ ለመፍጠን! በ1958 ኩባንያውን አቋቋመ። የዚያ ዘመን ዓይነት የፍጥነት ካሜራ ትልቅ ሳጥን ስለነበር የራሱ ማቆሚያ ይሠራለት ነበር። ካሜራ እያነሰ ሲመጣ ግን የራሱ ምሰሶ መኖሩ ቀረ። ሁለት ኪሎ ለማትሞላ ነገር ማን መሠረት ይቆፍራል? ያለው ምሰሶ ላይ ትሰቀላለች፣ አለቀ።

ስህተቱ በኪሎ ማሰባችን ነው። ምሰሶን የሚያስቸግረው ከላይ ወደ ታች የሚጫነው ክብደት ብዙም አይደለም፤ ከጎን የሚገፋው ንፋስ ነው። ንፋስ ደግሞ ኪሎ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ስፋትና ከፍታ ነው።

ደብተሬ ላይ ያሰላሁትን ልንገራችሁ። 8 ሜትር ርዝመትና በአማካይ 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ምሰሶ ይኑረን። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ይምጣ። ባሕር ጠለል ላይ ይህ ንፋስ ምሰሶውን በሙሉ በ36 ኪሎ ያህል ኃይል ይገፋዋል፤ የኃይሉ መሃል 4 ሜትር ላይ ነውና ታቹ ላይ የሚያሳርፈው የማጉበጥ ኃይል 36 በ4፣ 144 ኪሎ ሜትር ነው (ኪሎ ሲባዛ በሜትር ማለቴ ነው፣ ርቀት አይደለም)። አሁን አናቱ ላይ 40 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የካሜራ ሳጥን እንስቀል። ንፋሱ ሳጥኑን የሚገፋው በ9 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ግን 8 ሜትር ላይ ነው ያለው፤ 9 በ8፣ 72። ምሰሶው ራሱ ከሚያመጣው ግማሹ! አንዲት ሳጥን ናት እኮ። ከካሜራው በታች፣ 5 ሜትር ላይ፣ 60 ሳንቲ ሜትር በ1 ሜትር ተኩል የሆነ የማስታወቂያ ባነር ቢወጠር ደግሞ ብቻውን ወደ 200 ይጠጋል፤ ከምሰሶው ይበልጣል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይቀላል፤ ቁጥሮቹ ሁሉ በዚያው መጠን ይቀንሳሉ። ንጽጽራቸው ግን አይቀየርም። የንፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ይህ ስለ ኃይለኛው ንፋስ ነው። ለስለስ ያለው ንፋስ የራሱ ተንኮል አለው። በ1878 ቼካዊው የፊዚክስ ሊቅ ስትሮሃል ሽቦ በንፋስ ውስጥ ለምን እንደሚያፏጭ አጠና። ንፋስ ክብ ነገርን ሲያልፍ ከጀርባው በግራና በቀኝ ተራ በተራ ሽክርክሪት ይለቃል፤ ቴዎዶር ፎን ካርማን በ1911 እና በ1912 በሒሳብ ያብራራው ይህንኑ ነው። እያንዳንዷ ሽክርክሪት ምሰሶውን ወደ ጎን ትንሽ ትስበዋለች። 12 ሳንቲ ሜትር በሚወፍር ምሰሶ ላይ በሰከንድ 3 ሜትር የሚሄድ ንፋስ፣ ማለትም ቅጠል የሚያወዛውዝ ብቻ፣ በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል ይነካካዋል። ይህ ቁጥር ምሰሶው በተፈጥሮው ከሚወዛወዝበት ፍጥነት ጋር ከገጠመ፣ ዥዋዥዌን በወቅቱ እንደመግፋት ነው፤ ትንሹ ግፊት ተደማምሮ ትልቅ ይሆናል። አናቱ ላይ ክብደት ስንጨምር ደግሞ የተፈጥሮ ውዝዋዜው ይዘገያል። ያቺ ሁለት ኪሎ ምሰሶውን አትጥለውም፤ ግን የሚያውከውን ንፋስ ልትቀይርለት ትችላለች።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ብቻ አይደለም። በኅዳር 2003 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ሱ ሲቲ ከተማ፣ በአውራ ጎዳና ዳር የቆመ 43 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የመብራት ማማ ወደቀ። ምክንያቱ ፍለጋ የተካሄደው ከላይ ከመብራቶቹ ሳይሆን ከታች፣ ማማው ከመሠረቱ ጋር ከሚገናኝበት ብየዳ ነበር፤ የድካም ስንጥቅ። ግዛቲቱ ሌሎቹን ማማዎች ስታስመረምር በአንዳንዶቹም ስንጥቅ ተገኘ። የአሜሪካ የመንገድ ባለሥልጣናት ማኅበር ለምልክት፣ ለመብራትና ለትራፊክ ምሰሶዎች ያወጣው መመሪያ ስለ ብረት ድካም ራሱን የቻለ ምዕራፍ ያካተተው በ2001 ነው። ቮለር ካሳየ ከ130 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ማሊቡ

ሃምሳውን ሎሚ ማንም ሳይቆጥር ሲቀር ምን እንደሚሆን የሚያሳየው ግን የማሊቡ ታሪክ ነው።

ጥቅምት 21 ቀን 2007፣ ካሊፎርኒያ። ሳንታ አና የሚሉት ደረቅና ኃይለኛ ንፋስ በማሊቡ ካንየን ሸለቆ እየነፈሰ ነበር። በመንገዱ ዳር የቆሙ ሦስት የእንጨት ምሰሶዎች ተሰብረው ወደቁ። ምሰሶዎቹ የኤሌክትሪክ መስመር ተሸክመው ነበር፤ ሽቦው ደረቅ ሣር ላይ ሲያርፍ እሳት ተነሳ። 1,550 ሄክታር ያህል ተቃጠለ፤ 14 ሕንፃዎችና 36 መኪኖች የእሳቱ ሰለባ ሆኑ፤ ከወደሙት አንዱ የማሊቡ ፕረስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ነው።

ምሰሶዎቹን በጋራ የሚጠቀሙት አምስት ኩባንያዎች ነበሩ፦ የኤሌክትሪኩ ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ኤዲሰን፣ ከዚያ ኤቲ ኤንድ ቲ፣ ስፕሪንት፣ ቬራይዘን እና ኔክስትጂ። የግዛቲቱ የአገልግሎት ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ለዓመታት መረመረ። ነገሩ በስምምነት ሲዘጋ፣ በ2012 ሦስቱ የስልክ ኩባንያዎች በድምሩ 12 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2013 ኔክስትጂ 14 ሚሊዮን ተኩል፣ ኤዲሰን ደግሞ 37 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ኤዲሰን ምሰሶዎቹ ከአቅማቸው በላይ እንዳይጫኑ በጊዜው እርምጃ አለመውሰዱን አምኗል። ከገንዘቡ የተወሰነው በአካባቢው ያሉትን ምሰሶዎች አንድ በአንድ ለመመርመርና ከአቅም በላይ የተጫኑትን ለማስተካከል እንዲውል ተደረገ።

ይህን ሳነብ ክፉ ሰው ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። አምስት የመዝገብ ደብተር ነው ያገኘሁት። አንድ የጋራ ምሰሶ አለ፤ ሁሉም የየራሱን ያውቃል፤ ድምሩን በየጊዜው የሚደምር ግን የለም። በ2017 ያው ኮሚሽን ስለ አንድ ነገር መምከር ጀመረ፦ በግዛቲቱ ያሉ ምሰሶዎችን ሁሉ የሚይዝ የጋራ ዳታቤዝ። ዳታቤዝ! ይሄማ የኔ ሙያ ነው። ከእሳቱ አሥር ዓመት በኋላ መፍትሔ ተብሎ ከቀረበው ነገር አንዱ ሠንጠረዥ ነበር።

ታቹ

ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ ጋሼ ጋ ደወልኩ። «መጥተን እንየው» አልኳቸው። «እኔማ ስትደውል ነበር የምጠብቀው» አሉኝ።

የእግረኛ መንገዱ ሲታደስ የምሰሶው እግር በአፈርና በሲሚንቶ ተሸፍኖ ነበር። ሊስትሮው ዕቃውን አነሳልንና ፈንጠር ብሎ ቆመ። ጋሼ በመሮ ቆፍረው የታችኛውን ሳህን አወጡት። አራት ቡሎን አለው። አንዱ ዳዶ የለውም። ሌላው በእጅ ይዞራል። ውሃ ከሚተኛበት በኩል ዝገቱ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ከካሜራችን በታች ደግሞ እኛ ያልሰቀልነው ሳጥን፣ ማን እንደሳበው የማይታወቅ ገመድ፣ ጊዜው ያለፈበት ባነር። ቀና ብዬ ስቆጥር ሰባት ነገር ደረሰ።

«ሲነፍስ ይነካኛል» አለ ሊስትሮው።

«ምኑ?»

«ምሰሶው ነዋ። ጀርባዬን።»

እኔ በሁለት ቀን ኮድ ያጠፋሁትን ነገር እሱ በጀርባው ያውቀው ነበር።

ጋሼ ባነሩን ቆርጠው ጣሉት፤ የጎደለውን ዳዶ አስገቡ፤ የላላውን አጠበቁ። ማታ የድሮውን ቪዲዮ ከአዲሱ ጋር አነጻጸርኩ። ምሰሶው ቀድሞ በሰከንድ 1.3 ጊዜ ይወዛወዝ የነበረው አሁን 1.6 ሆኗል፤ ማለትም ጠንክሯል። ስንጥቅ ሲጀምር ወይም ቡሎን ሲላላ ቁጥሩ ተመልሶ ይወርዳል። ይህ ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኮዴ ውስጥ ነበር። በእያንዳንዱ ምስል ላይ አስልቼው፣ ምስሉን ካስተካከልኩበት በኋላ እጥለው ነበር። አሁን አንድ መስመር ጨምሬ አስቀምጠዋለሁ።

ዝገቱ ግን በዳዶ አይድንም። አንድ ሲቪል መሐንዲስ አምጥተን አሳየን፤ እግሩ እስኪቀየር ድረስ ካሜራው ይውረድ አለ። ደንበኛው ቅር አለው፤ እኛም የሁለት ወር ቆጠራ ቀረብን። አወረድነው።

ከዚያ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ለእያንዳንዱ ምሰሶ አንድ ረድፍ፦ ምን ተሰቅሎበታል፣ ማን ሰቀለው፣ መቼ፣ ስፋቱ ስንት ነው፣ ከፍታው ስንት ነው። የመጨረሻው ዓምድ «ታቹ የታየበት ቀን» ይላል። አሥራ አንድ ምሰሶ አለን። እስካሁን የሞላሁት አራቱን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋሼ ጋር እንወጣለን፤ እሳቸው መሮውን ይዘው፣ እኔ ላፕቶፑን።